የዜሮ ወለዱን ፖስታ ሳታነቡ አትቅደዱት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ዜሮ ወለድ የሚል የካርድ ፖስታ ከባንክ ሲመጣላችሁ ሳትከፍቱ ቅደዱት፣ ወጥመድ ነው ይላል። ለወገን አስቦ እንደጻፈው ይገባኛል። ምክሩ ግን ብዙ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል ባይ ነኝ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ እዚህ አሜሪካ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነኝ። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚከብዳቸው ወገኖች ፖስታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጡና አነብላቸዋለሁ። የኢንሹራንስ አለ፣ የፍርድ ቤት አለ፣ የትምህርት ቤት አለ። ከሁሉም የሚበዛው ግን የክሬዲት ካርድ ነው። የፋይናንስ ባለሙያ አይደለሁም። ደቃቅ ጽሑፉን ግን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ መኪናውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እምብዛም አይመጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ባንክ ካርድ ይሰጣችኋል። ሌላ ባንክ ያለባችሁን ዕዳ ይከፍልላችሁና ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል። ባላንስ ትራንስፈር የሚሉት ይህንን ነው። በተዛወረው ገንዘብ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ወለድ አይቆጠርም። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር ነው። ለማዛወሪያው ግን አንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቆርጣል። ዜሮ የሚለው ቁጥር ፖስታው ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ 3ቱ ወይም 5ቱ በመቶ ደግሞ ከውስጥ በደቃቁ።

ምሳሌ ልስጥ። አንዲት የማውቃት እህት እናቷ አገር ቤት አረፉባት። መርዶውን በሰማችበት ሌሊት ትኬት ቆረጠች። በዚያ ሰዓት ዋጋ ማወዳደር የለም። የድንኳኑም፣ የተዝካሩም ወጪ እሷው ላይ ወደቀ። ስትመለስ ካርዷ ላይ 6,000 ዶላር ነበር፣ ወለዱም በዓመት 22 በመቶ። በየወሩ ሚኒመም ፔይመንቱን፣ ማለትም ባንኩ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ክፍያ፣ ወደ 170 ዶላር ገደማ፣ ሳታስተጓጉል መክፈል ጀመረች። ስቴትመንቱን፣ የወሩን የሒሳብ መግለጫ፣ አብረን ስናየው ከ170ው ውስጥ 110ሩ ወለድ ነበር። ከዋናው ዕዳ የቀነሰው 60 ዶላር ብቻ ነው። «በየወሩ እየከፈልኩ ለምን አይጎድልም?» አለችኝ። መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ ነበር።

ያንን ዕዳ ለ18 ወር ዜሮ ወለድ ወዳለው ካርድ አዛወረችው። ማዛወሪያው 3 በመቶ፣ ማለትም 180 ዶላር ነው። 6,180 ለ18 ሲካፈል በወር 343 ዶላር ከሳንቲም ይመጣል። ከበፊቱ ክፍያዋ እጥፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ሺፍት ገብታ ሞላችው። በድሮው ካርድ ላይ ሆና በ18 ወር ልጨርስ ብትል ኖሮ ወለዱ ብቻ ወደ 1,100 ዶላር ይጠጋ ነበር። ከ900 ዶላር በላይ ኪሷ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ፖስታውን ሳትከፍት ብትቀደው ኖሮ ይህ ብር የባንኩ ነበር።

እንግዲህ ርካሽ ብድር ነው ስል፣ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነም መናገር አለብኝ። ብዙ ሰው «3 በመቶ ብቻ» ይላል። 3 በመቶው የሚቆረጠው ከመነሻው በሙሉ ዕዳው ላይ ነው። እናንተ ግን በየወሩ ስለምትከፍሉ ሙሉውን ገንዘብ ለ18 ወር አልያዛችሁትም። በአማካይ የያዛችሁት ግማሹን ገደማ ነው። ይህ ታስቦ በዓመት ሲሰላ የእህታችን ብድር ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ያው ዕዳ በ5 በመቶ ማዛወሪያ ለ12 ወር ቢሆን ደግሞ ወደ 9 በመቶ ይወጣል። ሁለቱም ፖስታ ላይ የተጻፈው ዜሮ ነው። 9 በመቶም ቢሆን ከ22 ይሻላል። ከክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ብድር ይሻላል ወይ ለሚለው ግን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይጠይቃል። አንዳንዴ አይሻልም።

ባንኩ ይህንን ለምን ያደርጋል? የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። እኛ ዕቁብ እናውቃለን። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፣ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ። ማን ለማን እንዳበደረ ይታያል። በካርዱ ግን የእናንተን ዜሮ የሚከፍለው ሰው አይታይም። ከፋዩ ሌላው ደንበኛ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ዕዳው ያልተጠናቀቀለት፣ በአዲሱ ካርድ ሶፋ የገዛበት፣ ወይም ድሮ ካርዱ ባዶ ሲሆንለት እንደገና የሞላው። ባንኩ ማዛወሪያውን መጀመሪያ ይወስዳል። ከዚያ ከደንበኞቹ ስንቱ እንደሚንሸራተት አስልቶ ይጠብቃል። ክፋት ነው አልልም። ንግድ ነው። ግን ከየትኛው ወገን እንደምትሆኑ የሚወስነው ፊርማው አይደለም፣ ከፊርማው በኋላ ያሉት ወራት ናቸው።

እኔ ብዙ ጊዜ ሲንሸራተቱ ያየሁት በድሮው ካርድ ነው። ዕዳው ወደ አዲሱ ሲዞር ድሮው ካርድ ላይ ዜሮ ይነበባል። ሰውዬው ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋል። አልተከፈለም፣ ቦታ ነው የቀየረ። የልጆች ልደት ይመጣል፣ የመኪና ጎማ ይመጣል፣ ካርዱ ከኪስ ይወጣል። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ካርድ ላይ ዕዳ ይሆናል። ካርዱን ዝጋው አልልም፣ መዝጋት ክሬዲት ስኮርን፣ ባንክ ለማበደር የሚያየውን ነጥባችሁን፣ ሊቀንስ ይችላል። ግን ቤት ይቀመጥ። ስልክ ውስጥም ካለ ይጥፋ። አሁን ሰው የሚከፍለው በስልኩ ነው፣ ፕላስቲኩን መደበቅ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው አዲሱ ካርድ ላይ ዕቃ መግዛት ነው። የተዛወረ ዕዳ ተሸክማችሁ በዚያው ካርድ ስትገዙ፣ ካርዱ ለግዢም ዜሮ ካልሰጠ በስተቀር፣ ወለዱ ብዙውን ጊዜ ከገዛችሁበት ቀን ይጀምራል። ዕዳ ሳይኖርባችሁ ስትገዙ ያለ ወለድ ይሰጣችሁ የነበረው የሃያ ምናምን ቀን ፋታ የለም። ወተትና ዳቦ በ24 በመቶ መግዛት ማለት ነው።

ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ባንክ እንደፈለገው ያደርጋል የሚል ስሜት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የካርድ ሕግ አለ። አብዛኛው ክፍሉ ከየካቲት 2010 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። በዚህ ሕግ እንደ ዜሮው ያለ የመግቢያ ወለድ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለበት። ነባር ዕዳ ላይ የተሰጣችሁን ዝቅተኛ ወለድ ዘግይታችኋል ብሎ ለመንጠቅ ክፍያችሁ ከ60 ቀን በላይ መዘግየት አለበት። ከሚኒመሙ በላይ የከፈላችሁት ትርፍ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከፍተኛ ወለድ ካለው ዕዳ ነው። ቢሉ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። ሚኒመሙን ብቻ ብትከፍሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅም ስቴትመንቱ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ይህንን ሠንጠረዥ ለሰው ሳሳይ ፊታቸው ይለወጣል። አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት ይላል። ከሕጉ በፊት ይህን የሚነግራችሁ አልነበረም።

በአንድ ቀን ብትዘገዩ ግን የቅጣቱ ክፍያ ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ ሚኒመሙን ኦቶፔይ ላይ፣ ማለትም በየወሩ በራሱ እንዲከፈል፣ ማድረግ ያዋጣል። የተረፈውን በእጃችሁ ጨምሩ።

አንድ ነገር ከዜሮ ወለዱ ጋር እየተቀላቀለ ሰው ያቃጥላል። የቤት ዕቃና የጥርስ ክሊኒክ የሚሰጡት ካርድ ነው። «በ12 ወር ውስጥ በሙሉ ከከፈሉ ወለድ የለም» ይላል። ይህ ሌላ ነገር ነው። በ12 ወር ውስጥ አንድ መቶ ዶላር እንኳ ከቀረባችሁ ወለዱ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ፣ በሙሉው ዋጋ ላይ ተሰልቶ ይመጣል። በባላንስ ትራንስፈር ግን ጊዜው ሲያልቅ ወለድ የሚጀምረው በቀረው ላይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ወደ ኋላ አይቆጠርም። ልዩነቱ የመቶዎች ዶላር ልዩነት ነው። ጸሐፊያችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል። ለዚህም ይመስለኛል ሁሉንም ወጥመድ ያለው።

አሁን ወደ ጥሬ ገንዘቡ ልምጣ፣ ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ባንኩ አንዳንዴ ቼክ ይልካል፣ ወይም ገንዘቡን ቼኪንግ አካውንት ውስጥ ልጨምርልህ ይላል። ዕዳ ባይኖርህም በዜሮ ወለድ ጥሬ ብር መበደር ማለት ነው። ይቻላል። ከቼኩ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ግን ሳታነቡ አትጻፉበት። በየትኛው ወለድ እንደሚስተናገድ፣ እስከ መቼ ድረስ መጠቀም እንደሚቻል እዚያ አለ። እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት፣ ከተቆጠረ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ ከዕለቱም ይጀምራል።

ከዚያ ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል? አንድ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2024 ጸደይ ላይ በዚህ መንገድ 8,000 ዶላር ወሰደ። አገር ቤት ቦታ ለመግዛት ነው። በባንክ ላከው፣ ዶላሩ በ57 ብር ገደማ ተመንዝሮ ወደ 456,000 ብር ሆነ። ቦታው ሲጓተት ብሩ ባንክ ተቀምጦ ቆየ። ሐምሌ ላይ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። የልጁ ብር ቁጥሩ አልጎደለም። በዶላር ሲታይ ግን ግማሽ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ዕዳው ግን ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ በዶላር ነው፣ 8,000ው እንደ 8,000 ቁጭ ብሏል። እዚህ ጋ ወለዱ ዜሮ መሆኑ ምንም አላዳነውም። በዶላር ተበድሮ ብር መያዝ ከማንኛውም የካርድ ወለድ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ጋዜጣችሁ ስለዚህ ቢጽፍ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ይህን የሚያደርገው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ ተበድሬ ቁጠባ ውስጥ ላስቀምጠው፣ ወለዱን ልብላ ይላሉ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት ይህ የሚሠራበት ዘመን ነበር። የማዛወሪያ ክፍያው ጣሪያ ነበረው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አልነበረም፣ ቁጠባው 5 በመቶ ይከፍል ነበር። አሁን ሒሳቡን ሥሩት። 6,000 ዶላር በ3 በመቶ አዛውራችሁ፣ በ4 በመቶ አስቀምጣችሁ፣ በየወሩ እኩል እየከፈላችሁ ብትጨርሱ በ18 ወር የምታገኙት ወለድ 190 ዶላር ገደማ ነው። የከፈላችሁት 180 ነው። ከ190ው ላይ ታክስ አለ። ለቡና እንኳ አይተርፍም። ያውም አንድ ክፍያ ካልረሳችሁ።

ሙስሊም ወዳጆቼ ዜሮ ከሆነ ይፈቀድልናል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የማዛወሪያ ክፍያው ምን ተብሎ እንደሚቆጠር፣ ቢዘገዩ ወለድ የሚል ውል መፈረሙስ፣ እነዚህን የእምነቱን አዋቂዎች ጠይቁ እላለሁ። ወረቀቱን ተርጉሜ እሰጣቸዋለሁ፣ ፍርዱ የእኔ አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የይሉኝታው ነገር ነው። አንዳንድ ባንኮች የሌላ ሰው ስም ያለበትን ዕዳም ያዛውራሉ። ስለዚህ ጥሩ ክሬዲት ያለው አንድ የቤተሰብ አባል ይፈለጋል። «ወንድሜ፣ ያንተ ካርድ ላይ አዙርልኝ፣ በየወሩ እሰጥሃለሁ» ይባላል። እምቢ ማለት ይከብዳል። ያኔ ግን ዕዳው በሕግ የእናንተ ሆነ። ባንኩ ወንድምን አያውቅም። ወንድምየው ሥራ ቢያጣ የሚደወለው ለእናንተ ነው፣ የሚወርደው ክሬዲት ስኮር የእናንተ ነው። በዚህ ምክንያት በዓል አብረው የማያከብሩ ወንድማማቾች አውቃለሁ። መርዳት ከፈለጋችሁ የምትችሉትን ያህል በእጃችሁ ስጡ። ካልተመለሰም የማይጎዳችሁን ያህል። ካርድ ላይ ያለ ስማችሁን ግን አታውሱ። ይህንን ስናገር ጨካኝ የሚሉኝ አሉ፣ ይበሉ።

ጥቂት የተግባር ነገር ልጨምር። እዚያው ባንክ ካለ ካርድ ወደዚያው ባንክ ማዛወር በአብዛኛው አይቻልም። ስንት እንደሚፈቀድላችሁ የምታውቁት ካመለከታችሁ በኋላ ነው። 6,000 ፈልጋችሁ 2,500 ሊሰጣችሁ ይችላል። ማዛወሩ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ድሮ ካርዱ ላይ ዜሮ እስክታዩ መክፈል አታቋርጡ። ዝቅተኛውን የማዛወሪያ ክፍያ ለማግኘት ካርዱ በተከፈተ በ60 ወይም በ120 ቀን ውስጥ ማዛወር አለባችሁ የሚል ገደብም ይኖራል። ቤት ለመግዛት በዝግጅት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይቆየው። አዲስ ማመልከቻም፣ እስከ አፉ የሞላ ካርድም ስኮር ላይ ይታያል።

ጸሐፊው ያልነካው፣ እኔን ግን የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ይህ ርካሽ ብድር የሚመጣው ጥሩ ስኮር ላለው ሰው ነው። ትናንት በዲቪ የመጣው፣ ወይም አንድ ጊዜ ታሞ ቢሎቹ ያመለጡት፣ ፖስታው አይደርሰውም። ያ ሰው ነው ግን ብድሩ የሚያስፈልገው። ለእሱ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን ቢጠይቅ ይሻላል እላለሁ። እነሱ በአብዛኛው ብድራቸውና በካርዳቸው ላይ ሊያስከፍሉ የሚችሉት ወለድ በአሁኑ ሕግ 18 በመቶ ላይ ይቆማል። 18ም ብዙ ነው። ከ28 ግን ይለያል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። በገጾቻችሁ ላይ የካርድና የብድር ማስታወቂያ ታወጣላችሁ። ጋዜጣው የሚኖረው በማስታወቂያ ስለሆነ አልቃወምም። ማስታወቂያው ዜሮ ሲል ግን የማዛወሪያው ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ዜሮው ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ወለዱ ስንት እንደሚሆን በአማርኛ፣ በዚያው ፊደል መጠን እንዲጻፍ አስተዋዋቂዎቹን ጠይቁ። ሦስት ቁጥር ናቸው። አንድ መስመር ይበቃቸዋል። እምቢ ያለ አስተዋዋቂ ካለም እኛ አንባቢዎች ብናውቀው አይከፋንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ